ከመሣሪያው በፊት ስምምነት፤ ስለ ንግድ ቤቶች የጋራ መዝገብ

ንግድ የብቻ ሥራ አለመሆኑን ለነጋዴ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ አዲስ አበባ እህል በረንዳ የሚገባ አንድ ጭነት ጤፍ በስንት እጅ እንደሚያልፍ ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። እህሉን ሰብሳቢው ነጋዴ ወይም የገበሬዎች ዩኒየን ይገዛዋል፤ ባለ መጋዘኑ ይቀበለዋል፤ የጭነት መኪና ማኅበር ይረከበዋል፤ ባንክ ገንዘቡን ያስተላልፋል፤ የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ግብሩን ያሰላል፤ በመጨረሻም ጅምላ ሻጩ ዐባይን ተሻግሮ የመጣውን ኩንታል ቆጥሮ ያስገባል። እነዚህ ስድስት ወገኖች ስለ አንዱ ጭነት ስድስት ጊዜ ይጽፋሉ። ስድስት ጊዜ የተጻፈ ነገር ደግሞ ስድስት ጊዜ የመሳሳት ዕድል ያገኛል። በአንዱ መዝገብ 100 ኩንታል የነበረው በሌላው 99 ሆኖ ይገኛል። የጎደለችውን አንዲት ኩንታል ፍለጋ የሚጠፋው ጊዜ፣ የሚባክነው የስልክ ሒሳብና የሚቀዘቅዘው ወዳጅነት ግን በማንም መዝገብ አይጻፍም።

ይህን ድካም ለማቃለል የሚያስችል መሣሪያ ዛሬ አለ። በልዩ ልዩ ቤት የሚሠሩ ሰዎች ከየጠረጴዛቸው ሳይነሡ አንዱን መዝገብ በአንድ ጊዜ ሊያነቡትና ሊጽፉበት የሚችሉበት የኢንተርኔት ድር፣ ማለት ድረ ገጽ የሚባለው ነው። ስለዚህም በየከተማው አንዳንድ ማኅበርና አንዳንድ ንግድ ቤት ኮምፒዩተር ገዝቶ፣ ድረ ገጽ አሠርቶ፣ ትብብሩ ከዚያ በኋላ በራሱ እንደሚመጣ ተስፋ ሲያደርግ ይታያል። ይህ ተስፋ ፈረሱን ከጋሪው ኋላ ማሰር ነው። መሣሪያው ስምምነትን ተከትሎ ይመጣል እንጂ ስምምነትን አይወልድም። በውጭ አገርም ሆነ በኢትዮጵያ የተሳካላቸው ሥራዎች ታሪክ የሚያስረዳው ይህንኑ ነው። የደብረ ማርቆስና የአካባቢው ነጋዴም ገንዘቡን በከንቱ እንዳያወጣ ይህን ታሪክ አስቀድሞ ቢመረምር ይጠቀማል።

ድሩ ከመነሻው የተፈጠረው በየድርጅቱ ተበታትነው የሚሠሩ ሰዎችን ለማገናኘት ነው። እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1989 ለአለቆቹ ያቀረበው በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የፊዚክስ ምርምር ተቋም ሲሠራ ነበር። በዚያ ተቋም ከብዙ አገር ዩኒቨርሲቲዎች የመጡ ሊቃውንት ይሠራሉ። ኮምፒዩተራቸው ልዩ ልዩ፣ የመዝገብ አያያዛቸውም ልዩ ልዩ ነበር፤ አንድ ሰው ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ የሚያውቀውን ይዞ ይሄድ ነበር። በርነርስ ሊ ሁሉም አንድ ዐይነት ኮምፒዩተር ይግዛ አላለም። ሁሉም በያለበት፣ በያዘው ኮምፒዩተር የሚያነበው አንድ የጋራ አጻጻፍና አንድ የጋራ አድራሻ አሰጣጥ ይኑር አለ እንጂ። ተቋሙም እ.ኤ.አ. በ1993 ማንም ያለ ክፍያ ይጠቀምበት ዘንድ ለሕዝብ ለቀቀው። እንግዲህ የዓለሙ ድር ራሱ የቆመው በመሣሪያ አንድነት ሳይሆን በአጻጻፍ ስምምነት ነው ማለት ነው።

ለነጋዴው ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ የሲንጋፖር ነው። ያች ትንሽ ደሴት ኑሮዋ በወደብ ስለሆነ የዕቃ ማስገቢያና ማስወጫ ወረቀት ብዛት ከማንም ይልቅ ያስጨንቃት ነበር። አስመጪው ለንግድ መሥሪያ ቤት፣ ለጉምሩክ፣ ለወደብ ባለሥልጣንና ለሌሎችም ስለ አንዱ ዕቃ እየደጋገመ ልዩ ልዩ ቅጽ ይሞላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ትሬድኔት የተባለው አሠራር ሲጀመር ይህ ሁሉ በአንድ የኤሌክትሮኒክ ቅጽ ተጠቃለለ፤ ቀናት ይፈጅ የነበረው ፈቃድም በደቂቃዎች የሚመለስ ሆነ። በዚያን ጊዜ ድረ ገጽ ገና ለሕዝብ አልወጣም ነበር። ይህ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው። ሲንጋፖሮች ከሁሉ አስቀድመው የፈጸሙት ከባድ ሥራ መሥሪያ ቤቶቹ ቅጾቻቸውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ የትኛው ጥያቄ ከየትኛው ጋር አንድ እንደሆነ ለይተው፣ በአንድ ወረቀት መስማማታቸው ነው። ከዚያ በኋላ መሣሪያው እየተሻሻለ ሲሄድ ስምምነቱ ባለበት ጸና።

ኢትዮጵያም በዚሁ መንገድ ገብታለች። በ2012 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት ጉምሩክን፣ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶችን፣ ባንኮችንና ሌሎች በውጭ ንግድ የሚገናኙ ድርጅቶችን በአንድ ድረ ገጽ እንዲያገናኝ የታቀደ ነው። መድኃኒት ወይም የእርሻ ግብዓት የሚያስመጣ ነጋዴ የሚያስፈልገውን ፈቃድ በየመሥሪያ ቤቱ በር ቆሞ ከመጠየቅ ይልቅ ማመልከቻውን በዚሁ መስኮት ያስገባል፤ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት የሰጠውን መልስ ጉምሩክ በዚያው ያየዋል። ነጋዴው አንድ ጊዜ የጻፈውን ሌላው ያነበዋል እንጂ እንደገና አይጽፈውም። የጠቅላላው አሠራር ነፍስ ይህች አንዲት ሕግ ናት፤ አንዱ ይጽፋል፣ ብዙው ያነባል።

ስለ እህል ንግድ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ታሪክ ነው። ገበያው በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቁሞ፣ በዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን መሪነት በሚያዝያ ወር 2000 ዓ.ም. ግብይት ጀመረ። ከእርሱም በፊት የመጋዘን ደረሰኝን ሕጋዊ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 372/1996 ወጥቶ ነበር። ብዙ ሰው ይህን ገበያ የኮምፒዩተር ገበያ አድርጎ ያስበዋል። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገዢና ሻጭ አዲስ አበባ በሚገኘው የግብይት አዳራሽ ፊት ለፊት ቆመው፣ ዋጋ እየጠሩ፣ እጅ ለእጅ እየተመታቱ ይገበያዩ ነበር። በኮምፒዩተር መስኮት መገበያየት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015፣ ማለት ሰባት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ነው።

ታዲያ በእነዚያ ሰባት ዓመታት ገበያውን ያቆመው ምን ነበር? መልሱ ሦስት ነገር ነው። አንደኛው ደረጃ ነው። ቡናው ወይም ሰሊጡ መጋዘን ሲደርስ ናሙናው ተመርምሮ ደረጃ ይሰጠዋል፤ ስለዚህ አዲስ አበባ ያለው ገዢ የመተማን ወይም የሑመራን ሰሊጥ ከረጢቱን ሳይፈታ ይገዛዋል። ሁለተኛው ደረሰኝ ነው። መጋዘኑ የሰጠው ደረሰኝ ስለ እህሉ ይመሰክራል፤ ባለቤትነቱ በደረሰኙ ይተላለፋል። ሦስተኛው የሒሳብ ማወራረድ ነው። የሻጩ ገንዘብ በማግስቱ በባንክ እንዲገባለት አስቀድሞ ተወስኗል። ዋጋውም በገበያ ከተሞች በሰሌዳ እየታየ፣ በ929 የስልክ ቁጥርም እየተነገረ፣ እሩቅ ያለው ሻጭ የመሐሉን ዋጋ እንዲያውቅ ተደረገ። ደረጃ፣ ደረሰኝና ማወራረድ በስምምነት ከጸኑ በኋላ ኮምፒዩተሩ ሲመጣ የሚሸከመው ነገር አገኘ። እነዚህ ባይኖሩ ኖሮ ያ ሁሉ ውድ መሣሪያ የመስታወት ሣጥን ሆኖ በቀረ ነበር።

የባንኮቹም ነገር እንዲሁ ነው። ቀድሞ ደንበኛው ከራሱ ባንክ መኪና በቀር ከሌላው ባንክ የገንዘብ መክፈያ መኪና ገንዘብ ማውጣት ይቸግረው ነበር። ባንኮቹ በጋራ ባቋቋሙት ኢትስዊች አማካይነት ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ መኪናዎቹ ተገናኙ። በደንበኛ የሚሻሙ ባላንጣዎች መተላለፊያውን በጋራ ማኖር ለሁሉም እንደሚበጅ ስላመኑ ተስማሙ። ፉክክሩ ግን አልቀረም፤ ከመንገዱ ወርዶ ወደ አገልግሎቱ ገባ። አንድ ጎዳና የሚሄዱ ሁለት የጭነት መኪናዎች ባለቤቶች በዋጋ ይፎካከራሉ እንጂ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ድልድይ በዐባይ ላይ አይሠሩም።

የሩቁ ምሳሌ ሁሉ ቢቀር፣ ለባለ ሱቁ የሚበቃው የቅርቡ እቁብ ነው። እቁብ በእርስ በርስ የማይዛመዱ፣ አንዳንዴም በአንድ ገበያ የሚሻሙ ቤቶች ገንዘባቸውን የሚያገናኙበት ማኅበር ነው። ጥሩ እቁብ የሚታወቀው በገንዘቡ ብዛት ሳይሆን በደንቡ ነው። ገንዘቡ ሳይሰበሰብ ዳኛው ይመረጣል፤ ጸሐፊው ይሰየማል፤ ዋሱ ይጠራል፤ ቀኑ ይቆረጣል፤ የቀረ ሰው የሚከፍለው መቀጫ ይወሰናል። መዝገቡን የሚይዘው አንድ ሰው ነው፤ ማየት ግን የሁሉም መብት ነው። የጋራ መዝገብን ምሥጢር የደብረ ማርቆስ ነጋዴ ከሲንጋፖር መማር አያስፈልገውም። በየሳምንቱ በእቁቡ ሲሠራበት ይኖራል። የጎደለው ይህንኑ ልማድ ከገንዘብ ወደ ጭነት፣ ከሠፈር ወደ ጎዳና ማሻገር ነው።

አሁን ያለው ሁኔታ ምን ይመስላል? የአንድ መስኮት አገልግሎቱም፣ የምርት ገበያውም ሥራ የሚበዛው በውጭ ንግዱ ላይ ነው። ጤፍ ደግሞ በእህልነቱ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ተከልክሎ የኖረ፣ የሚሸጠው በአገር ውስጥ ገበያ የሆነ እህል ነው። ስለዚህ የቢቸና፣ የደጀን፣ የሉማሜ፣ የአማኑኤልና የደብረ ማርቆስ እህል ነጋዴ በዚያ ሁሉ ሥልጣኔ ዳር ቆሞ ይመለከታል። የሚሠራው በስልክና በቴሌግራም ነው። ቴሌግራም በእርግጥ ፈጣን ነው፤ የጠዋቱን ዋጋ ከቁርስ በፊት ያደርሳል። ነገር ግን ወሬ አድራሽ እንጂ መዝገብ አይደለም። ጠዋት የተጻፈው ማታ በመቶ መልእክት ተሸፍኖ ይጠፋል፤ ማን ምን እንዳለ፣ የትኛው ቃል የመጨረሻ እንደሆነ ከወር በኋላ ለመፈለግ ያዳግታል። ድንገት ጠብ ቢነሣ ለዳኛ የሚቀርብ ማስረጃ ሆኖ ለመቆም አቅሙ ደካማ ነው።

በደንብ የተሠራ የጋራ ድረ ገጽ ከዚህ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። የተጻፈውን አይጥልም፤ የተለወጠውንም አይደብቅም። ጥሩ የሒሳብ ሠራተኛ ስሕተት ሲያገኝ ፍቆ አያጠፋም፤ በአንድ መስመር ሰርዞ፣ ትክክለኛውን ከላይ ጽፎ፣ ፊርማውንና ቀኑን ያኖራል። ይህም መዝገብ እንዲሁ ያደርጋል። ቁጥሩን ማን ለወጠው፣ በስንት ሰዓት ለወጠው፣ ቀድሞ ምን ነበር የሚለውን ይዞ ይቆያል። በአንድ ቤት ውስጥ ይህ ጥቅም ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ በማይተዋወቁ ድርጅቶች መካከል ግን መተማመን የሚበቅለው ከዚህ ነው።

ጥቅሙን በአንድ ጭነት ማየት ይቻላል። ስኳር፣ ዘይት፣ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ጭኖ ከአዲስ አበባ የመጣ መኪና ደብረ ማርቆስ ያራግፋል። ሾፌሩ ለመመለሻ ጭነት ደላላ ይጠይቃል። ደላላው የሚያውቀው ጭነት ከሌለ መኪናው ወይ ይተኛል፣ ወይ ባዶውን የጎሃ ጽዮንን አቀበት ይወጣል። በዚያው ቀን ሉማሜ ላይ መኪና አጥቶ የሚቆዝም ባለ 60 ኩንታል ነጋዴ ሊኖር ይችላል። የባዶ መንገዱ ነዳጅ በመጨረሻ የሚከፈለው በማን ነው? መኪናው ሲመጣ በጫነው ዘይትና ስኳር ላይ ተጨምሮ በባለ ሱቁና በደንበኛው ይከፈላል። ሁለቱን ሰዎች ለማገናኘት የሚያስፈልገው የመኪናውን መምጫ ቀንና የእህሉን መጠን የያዘ አንድ ገጽ ብቻ ነው። ይህ ገጽ ያልኖረው መሥራት ስለሚከብድ አይደለም፤ ማን ይጻፍበት፣ ማን ይመነው የሚለው ስላልተወሰነ ነው።

ስለዚህ የከተማው የንግድ ምክር ቤት አባላት አንድ ሳንቲም ለመሣሪያ ከማውጣታቸው በፊት በአራት ነገር ቢስማሙ ይበጃል።

አንደኛ፣ በስምና በመለኪያ። ጤፍ ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛና ቀይ እየተባለ ይጠራል። ነገር ግን አንዱ ማኛ ያለውን ሌላው ነጭ ይለዋል፤ ጠቡም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ኩንታሉም ቢሆን ከከረጢቱ ጋር ነው ወይስ ያለ ከረጢቱ? የሚመዘነው በጫኙ ሚዛን ነው ወይስ በተቀባዩ? አሥር ናሙና በአሥር ሣህን ቀርቦ ሻጭ፣ ገዢና የዩኒየን ሰዎች ባሉበት ስማቸው ቢወሰን፣ ይህ የአንድ ቀን ሥራ ከብዙ ወር የኮምፒዩተር ሥራ ይበልጣል። ስሙ ያልተስማማ ዕቃ በድረ ገጽ ቢጻፍ ስሕተቱን በፍጥነት ማሰራጨት ብቻ ነው የሚሆነው።

ሁለተኛ፣ በጻፊው። እያንዳንዱ ነገር አንድ ጻፊ ብቻ ይኑረው። የተጫነውን ኩንታል ባለ መጋዘኑ ይጻፍ፤ የመኪናውን መነሻና መድረሻ የመኪና ማኅበሩ ይጻፍ፤ የተረከበውን መጠን ተቀባዩ ይጻፍ። ማንም በሌላው ዓምድ እጁን አያግባ። እንዲህ ከሆነ ልዩነት ሲገኝ ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ወዲያው ይታወቃል። ሁሉም የሚጽፍበት ዓምድ የማንም አይደለም፤ ማንም አይጠየቅበትም።

ሦስተኛ፣ በአንባቢው። የመኪና መምጫ፣ የመጋዘን ባዶ ቦታና የሚጫን እህል መጠን ለአባል ሁሉ ክፍት ይሁን። ነጋዴው የገዛበት ዋጋ፣ የደንበኞቹ ስምና የዱቤ መዝገቡ ግን የግሉ ነው፤ ወደ ጋራ ገጽ አይውጣ። የሰዎችን የግል ጉዳይ የሚመለከተውም ነገር በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል ዳታ ጥበቃ ስላለው በጥንቃቄ መያዝ ይገባዋል።

አራተኛ፣ በዳኛው። ልዩነት ሲነሣ በስንት ቀን ውስጥ፣ በማን ፊት፣ በየትኛው ማስረጃ እንደሚታይ አስቀድሞ ይጻፍ። ሕጉ በዚህ በኩል መንገዱን ጠርጎታል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010ና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ወጥተዋልና በኮምፒዩተር የተጻፈና የተፈረመ ነገር ወረቀት አይደለም ተብሎ ብቻ የሚናቅበት ዘመን አልፏል። ቢሆንም ወደ ፍርድ ቤት ከመሄድ በፊት ሦስት የታመኑ ሽማግሌ ነጋዴዎች በገጹ ላይ ያለውን ታሪክ አይተው ቢፈርዱ ለሁሉም ይቀላል።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላልም አይደሉም።

አንዳንዱ ነጋዴ፣ የንግድ ምሥጢር በአደባባይ አይሰጣም ይላል። እውነት አለው። መልሱ ከዚህ በላይ በሦስተኛው ተራ የተጻፈው ነው። ሁሉን መግለጥ ትብብር አይደለም፤ ለሥራው የሚበቃውን ያህል መግለጥ ነው። ሁሉን መደበቅም ቢሆን ብልህነት አይደለም። መኪናው ማክሰኞ እንደሚመጣ ደብቆ ባዶውን የሚሰደው ሰው የጠበቀው ምሥጢር ምንድን ነው?

ሌላው ተቃውሞ ከባለ ሱቆቹ የሚመጣ ነው። ትልልቆቹ ነጋዴዎች መሣሪያውን ይዘው ትንንሾቹን ይውጧቸዋል ይላሉ። ይህ ስጋት ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። መዝገቡ በአንድ ሀብታም ነጋዴ ገንዘብ ተሠርቶ በእርሱ ቤት ቢቀመጥ፣ የጭነቱን ወሬ ቀድሞ የሚያነብ እርሱ ይሆናል፤ ሌላው የተረፈውን ይለቅማል። ስለዚህ የመዝገቡ ባለቤት የንግድ ምክር ቤቱ እንጂ ማንም ግለሰብ ሊሆን አይገባውም። ወጪው በአባላት መዋጮ ይሸፈን፤ 5 ኩንታል ያለውም 500 ኩንታል ያለውም በአንድ ሰዓት አንድ ዐይነት ገጽ ያንብብ። ይህ ካልተጠበቀ መዝገቡ ባይጀመር ይሻላል። በእኩልነት ያልቆመ የጋራ ሥራ ትንሹን ነጋዴ ወደ ደላላው መልሶ ይሰደዋልና።

ሦስተኛው ጥንቃቄ ስለ ዋጋ ነው። ነጋዴዎች በአንድ ገጽ ላይ ሲሰበሰቡ ዋጋ በስምምነት ለመቁረጥ ይፈተናሉ። ይህ ግን በ2006 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው፤ ለገበሬውም ለሸማቹም በደል ነው። የጋራው መዝገብ ጭነትን ያገናኝ እንጂ ዋጋን አይቁረጥ። ይህ ዐረፍተ ነገር በደንቡ መጀመሪያ ገጽ ቢጻፍ ምክር ቤቱን ከብዙ ሐሜትና ክስ ያድነዋል።

አራተኛው ተቃውሞ የመስመሩ ነገር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ መቆየቱን ማንም የጎጃም ነጋዴ አልረሳውም። መብራትም ይጠፋል። ሥራውን ሁሉ በድር ላይ የሰቀለ ሰው ድሩ ሲበጠስ ምን ይሆናል? ይህ ጥያቄ ለወሬ ያህል የሚነሣ አይደለም፤ መልሱም መሣሪያውን መተው ሳይሆን ሁለት እግር ማበጀት ነው። መዝገቡ በምክር ቤቱ ኮምፒዩተር ውስጥ ሙሉ ግልባጭ ይኑረው። በየሳምንቱ ሰኞ ታትሞ በምክር ቤቱ ሰሌዳ ይለጠፍ። መስመር ሲቋረጥ የመኪና ማኅበሩና ባለ መጋዘኑ በዚያው ቅጽ በወረቀት ይጻፉ፤ መስመር ሲመለስ ጸሐፊው ያስገባው። ቅጹ በወረቀትም በኮምፒዩተርም አንድ ከሆነ ሥራው አይቆምም። እዚህም ላይ የሚያድነው መሣሪያው ሳይሆን አስቀድሞ የተስማሙበት ቅጽ መሆኑ ግልጽ ነው።

እንግዲህ ከየት ይጀመር? ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ መጀመር ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ ማበላሸት ነው። አንድ እህልና አንድ ጎዳና ቢመረጥ ይበቃል፤ እህሉ ጤፍ፣ ጎዳናው ከደብረ ማርቆስ በደጀን በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ይሁን። ጊዜውም የጤፉ አውድማ ተጠናቆ ገበያው ከሚደራበት ከጥር እስከ ግንቦት ያለው አምስት ወር ነው። ጥቂት ፈቃደኛ ንግድ ቤቶች፣ አንድ ዩኒየን፣ አንድ የመኪና ማኅበርና አዲስ አበባ ያሉ ሁለት ሦስት ተቀባዮች ለሙከራ ይበቃሉ። ለዚህ ያህል ሥራ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ዓምዶቹ በቁልፍ የተለዩ አንድ የጋራ ሠንጠረዥ ይበቃል። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ በከተማው ኮምፒዩተር የተማሩ ወጣቶች አልጠፉም፤ ምክር ቤቱ ቢጠይቃቸው የሚሠሩት ሥራ ነው።

ሙከራው ሲጀመር ሦስት ነገር ይቆጠር። መኪናው ከጭነት እስከ ርክክብ ስንት ቀን ፈጀ? ስንት መኪና ባዶውን ተመለሰ? በኩንታል ቁጥር ስንት ክርክር ተነሣ? ከሙከራው በፊት ያለውም አንድ ወር በዚሁ ዐይነት ተቆጥሮ ይቀመጥ። ግንቦት ሲያልቅ ሁለቱ ይነጻጸሩ። ቁጥሩ ከተሻሻለ ስንዴውና በቆሎው፣ ቀጥሎም ከመሐል አገር የሚመጣው የሱቅ ዕቃ ይጨመር። ካልተሻሻለ ያለ ኀፍረት ይቁም፤ ምክንያቱም ይመርመር። ነጋዴ ትርፍ ያላመጣ ዕቃ ደግሞ እንደማያስጭን ሁሉ፣ ጥቅም ያላመጣ አሠራርም በይሉኝታ አይቀጥልም።

ዋናው ፈተና የሚሆነው ኮምፒዩተሩ አይደለም። በየቀኑ ማታ ሱቅ ሳይዘጋ፣ ድካም ሳያሸንፈው፣ የዕለቱን ጭነት በተስማማበት ስምና በተስማማበት መለኪያ የሚጽፍ ሰው ነው። በየንግድ ቤቱ እንዲህ ያለ አንድ ሰው ተለይቶ ካልተሰየመ፣ ጊዜም ካልተሰጠው፣ ገጹ በመጀመሪያው ሳምንት ይሞላል፣ በሦስተኛው ይጎድላል፣ በሁለተኛው ወር ይረሳል። በየቤቱ ያለው ጌታ የሠራተኛውን የጽሑፍ ሥራ እንደ ትርፍ ጊዜ ሥራ ማየቱን ቢተው፣ የዚህ ሁሉ ግማሹ ተፈጸመ ማለት ነው።

አበው፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለዋል። ይህ ተረት በየስብሰባው ይጠቀሳል፤ ሰሚው ግን አንበሳውን ብቻ እያሰበ ‹‹ቢያብር›› የምትለውን ቃል ያልፋታል። የኃይሉ ሁሉ ቍልፍ በእርሷ ላይ ነው። የጎጃም ነጋዴ ድሩን ዛሬ በገበያ ተሽጦ ያገኘዋል፤ ማበሩን ግን ማንም አይሸጥለትም። እርሱን ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጦ፣ አሥሩን የጤፍ ናሙና በፊቱ አድርጎ፣ በራሱ እጅ መፈጸም ይኖርበታል።